ዓሣ ይዞ የሚበረው እንግዳ የት ያድራል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ከጠራ ወዲህ ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ወፍ ናቸው። ቦርከና ዳር አይተውት የጻፉልኝ አሉ። ከሐይቅም፣ ከጨፋም ደርሶኛል። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ ሙሉውን ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። ስለ ቲማቲም ትልና ስለ ንብ ቀፎ የጠየቃችሁኝ በሚቀጥለው እትም እመለስላችኋለሁ፤ አብሽሩ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን አሉ? የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞቼ ጋር ቦርከና ዳር ቆመን ሳለ አንድ ትልቅ አሞራ እግሩን አስቀድሞ ውሃው ውስጥ ተወርውሮ ገባ። ለአፍታ ጠፋብን። የሰመጠ መስሎን ነበር። ከዚያ ዓሣ ይዞ ወጣ። የዓሣውን ጭንቅላት እንደ አውሮፕላን አፍንጫ ወደ ፊት አድርጎ ነበር የሚበረው። ጓደኛዬ «የዓሣ ንስር ነው» ይላል፣ እኔ አይደለም ባይ ነኝ። እስከ ከሰዓት ብንጠብቅ አልተመለሰም። ምንድን ነው? የትስ ሄደ?

መልስ፦ ልክ ነህ፣ የዓሣ ንስር አይደለም። ኦስፕሬይ የሚባለው ዓሣ አዳኝ ጭልፊት ነው። የዓሣ ንስር የዚሁ አገር ነዋሪ ነው። ጭንቅላቱና ደረቱ ነጭ፣ ሆዱ ቀይ ቡናማ ነው። ድምፁ ደግሞ ከሩቅ ይሰማል፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይጮሃል። ኦስፕሬይ ከሥር ስታየው ነጭ ነው፣ ጀርባው ጥቁር ቡናማ ነው። ከዓይኑ ጀምሮ ወደ ማጅራቱ የሚሄድ ጥቁር ሰረዝ አለው። ሲበር ክንፉ መሐሉ ላይ ታጠፍ ይላል፣ ክርን ያለው ይመስላል። ሁለቱን ለመለየት ግን ከመልካቸው ይልቅ አደናቸው ይበቃሃል። የዓሣ ንስር ከውሃው ላይ ዓሣውን ለቀም አድርጎ ያልፋል፣ አካሉን ብዙም አያርስም። ውሃ ውስጥ ገብቶ ለአፍታ የሚጠፋብህ ኦስፕሬይ ነው።

ይህ ወፍ የሚበላው ዓሣ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። አካሉ በሙሉ ለዚያ የተሠራ ነው። ከአሥርም ከአርባም ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ውሃውን ያያል። ዓሣ ሲያይ ባለበት ክንፉን እያርገበገበ ይቆማል። ከዚያ ይወረወራል። ውሃ ውስጥ ሲገባ የአፍንጫው ቀዳዳ ይዘጋል። የእግሩ መርገጫ በትንንሽ እሾህ መሰል ነገሮች የተሞላ ነው፣ የሚያዳልጠው ዓሣ አያመልጠውም። ከጣቶቹ አንዱን ወደ ኋላ ማዞር ስለሚችል ሁለት ጣት ከፊት፣ ሁለት ጣት ከኋላ አድርጎ ይጨብጣል። አንዱን እግር ከሌላው ፊት አስቀድሞ ስለሚይዝ ነው ዓሣው አፉን ወደ ፊት አድርጎ የታየህ። እንዲያ ሲሆን ነፋሱ አይታገለውም። ግማሽ ኪሎ የሚሆን ዓሣ ጎን ለጎን ተይዞ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛፉ መድረስ ያስቸግረው ነበር።

አሁን «የት ሄደ?» ወዳልከው። እኛ ዘንድ የሚያልፉት ከሰሜንና ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጡ ናቸው፣ ከፊንላንድ፣ ከሩሲያና ከአካባቢው። ከፊንላንድ እዚህ ድረስ በቀጥታ ቢለካ እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወፉ ይህን መንገድ የሚሄደው ብቻውን ነው። ሌሎች ትልልቅ አሞሮች ባሕር ይፈራሉ። ሞቃት አየር ሽቅብ ካላነሳቸው ክንፋቸው ይደክማል። ስለዚህ ባሕሩ ወደሚጠብበት ቦታ ይሰበሰባሉ። በፈረንጆች 1987 በጥቅምትና በኅዳር ገደማ ቀይ ባሕር በሚጠብበት በባብ ኤል መንደብ ላይ ቆመው የቆጠሩ ሰዎች 246,000 ገደማ አዳኝ አሞራዎች ሲያልፉ መዝግበዋል። ያ ሁሉ ከአፋር ማዶ፣ ከእኛ በስተምሥራቅ ማለት ነው! ኦስፕሬይ ግን ክንፉን እያራገበ ባሕርም በረሃም ያቋርጣል። ስለዚህ በመንጋ አታየውም። አንድ ታያለህ፣ ምናልባት በሳምንቱ ሌላ አንድ።

በመንገድ ላይ ያለ ወፍ ቀኑን ከፋፍሎ ይጠቀምበታል። ማለዳ ዓሣ ይይዛል። ከጠዋቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ምድሩ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ መነሳት ሲጀምር ጉዞውን ይቀጥላል። ወደ 11 ሰዓት ገደማ ከፍታውን ይቀንስና ውሃ ይፈልጋል። ካገኘ ያድናል፣ ከዚያ ያድራል። በአንድ ቀን 200 እና 300 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። እናንተ ያያችሁት ቁርሱን ነው። ከሰዓት ላይ ስትጠብቁት እሱ አዋሽን ሳያልፍ አልቀረም።

ሁሉም ግን አይቸኩልም። ውሃው ጥሩ ከሆነ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይቆያል። እዚህ ላይ ቦርከናን የምናውቅ ሰዎች የምናየው ነገር አለ። በነሐሴና በመስከረም መጀመሪያ ቦርከና ቀይ ጭቃ ነው። ወፉ ዓሣውን ከላይ ማየት አለበት፣ በደፈረሰ ውሃ አይሆንለትም። ያኔ የሚመጣው ወንዙን ተከትሎ ያልፍና ሐይቅ ላይ ወይም ጨፋ ረግረግ ዳር ባለው የጠራ ውሃ ላይ ያርፋል። ጥቅምት ሲገባ ወንዙ ይጎድላል፣ ይጠራል፣ በየመታጠፊያው ኩሬ ይሠራል። ዓሣውም እዚያ ይታጎራል። እዚያ ነው ብዙ ጊዜ የማገኘው። ከሐርቡ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ የምትሄዱ፣ ወንዙ ቀስ የሚልባቸውን ቦታዎች እዩ። ነፋስ ውሃውን የሚያርገበግብበት ቀን አደኑ ይከብደዋል። ጸጥ ያለ ጠዋት ምረጡ።

ጥያቄ፦ እኔ ሐይቅ ላይ በመረብ ዓሣ የማጠምድ ነኝ። ቆሮሶው ከዓመት ዓመት እየቀነሰብን ነው። ይህ አሞራ ደግሞ ዓይናችን እያየ ይወስዳል። አንዳንድ ጓደኞቻችን በወንጭፍ ማባረር ጀምረዋል። ጥፋት ነው እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የኑሮ ጉዳይ ስለሆነ በቁጥር ልመልስልህ። አንድ ኦስፕሬይ በቀን የሚበቃው ዓሣ 300 ግራም፣ ቢበዛ 400 ግራም ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ሐይቁ ላይ ቢከርም ከሦስት ኪሎ በታች ይወስዳል። ያውም ሲሳካለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ተወርውሮ ባዶውን ይወጣል። በአንድ ጊዜ የሚኖሩትም ጥቂት ናቸው።

ሌላም ነገር አስብ። ሐይቁ 88 ሜትር ድረስ ጥልቀት አለው። ኦስፕሬይ የሚደርሰው ከላይ አንድ ሜትር ብቻ ነው። ታች ያለው አምባዛ አይመለከተውም። እሱ የሚያገኘው ዳር ዳሩን የሚውለውን ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ ራሱ ሐይቃችን ውስጥ የገባው በፈረንጆች 1970ዎቹ መጨረሻ በሰው እጅ ነው። ወንዱ ከዳር ጥልቀት በሌለው ቦታ አሸዋውን ጎድጎድ አድርጎ ጎጆ ይሠራል፣ ሴቷ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ታሳድጋለች። እንግዲህ ዓሣው ለምን ቀነሰ ካልን መልሱ ያለው እዚያ ዳር ነው። ዓይኑ የጠበበ መረብ በዳር ዳሩ ሲጣል ገና ያልወለደው ይወጣል። እርባታ ላይ ያለው ይረበሻል። ይህን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። የአሞራው ሦስት ኪሎና የአንድ ጠባብ መረብ የአንድ ሌሊት ጉዳት አይወዳደርም።

እንዲያውም አሞራው ለእናንተ መልካም ወሬ ነው። በላዩ የሚዞረው ዓሣ ሲኖር ነው። ዓሣው ንጹሕ መሆኑም ለሁለታችሁም ያሳስባል። በአውሮፓና በአሜሪካ በፈረንጆች 1950ዎቹና 1960ዎቹ ዲዲቲ የሚባለው ፀረ ተባይ ወደ ውሃ ገብቶ፣ ከውሃ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ እነዚህ ወፎች ተላልፎ ነበር። የእንቁላላቸው ቅርፊት ሳሳ። እናቲቱ ስትታቀፈው ይሰበር ጀመር። አሜሪካ በ1972 ዲዲቲን ከከለከለች በኋላ ነው ቁጥራቸው ያገገመው። እኛ ዘንድ መርጫውን ጀርባው ላይ ተሸክሞ ወንዝ ዳር ወርዶ የሚያጥብ ገበሬ በየቀኑ አያለሁ። እባካችሁ፣ የምትቀርቡት ንገሩት። ማሳው ውስጥ ያጥብ። ያ ውሃ የሚሄደው ወደ እናንተ መረብ ነው።

ወንጭፉን በተመለከተ፣ አዎ፣ ጥፋት ነው። ከዚያ ሁሉ አገር አልፎ ደክሞ የመጣ ወፍ አንድ ክንፉ ቢመታ ማደን አይችልም። ካላደነ በጥቂት ቀን ይሞታል። መረብህ ውስጥ ቢገባብህ ደግሞ ጨርቅ ጭንቅላቱ ላይ ጣልበት፣ ዓይኑ ሲሸፈን ይረጋል። ከዚያ ሁለቱን እግሮች አጥብቀህ ይዘህ መረቡን ቁረጥ። ከአፉ ይልቅ ጥፍሩን ተጠንቀቅ።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም፣ ልጄ። ከከሚሴ ወረድ ብሎ የምኖር ገበሬ ነኝ። ዓይኔ ስለደከመ የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። ከማሳዬ ጥግ፣ ወንዙ አፍ ላይ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ከላይ ግማሹ ደርቋል። ልጆቼ ለማገዶ እንጣለው ይላሉ። እኔ ግን በየዓመቱ በጥቅምት አንድ ሆዱ ነጭ አሞራ እያመሸ ይሰፍርበታል፣ አይቼዋለሁ። ጠዋት ከሥሩ የዓሣ ቅርፊትና ኩስ አገኛለሁ። ያው ወፍ ነው የሚመጣው ወይስ ሌላ ሌላ? ዛፉስ ቢቆረጥ ሌላ ዛፍ አያጣም ወይ?

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም፣ አባቴ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። እርስዎ በዓይንዎ ያዩትን ብዙ የተማረ ሰው አላየውም።

መጀመሪያ ማን እንደሚያድርበት እናረጋግጥ። ጠዋት ከሥሩ ያለውን የልጅ ልጅዎ ለቅሞ ይመልከት። የዓሣ ቅርፊት፣ የዓሣ መንጋጋና የጉንጭ አጥንት ብቻ ከሆነ ኦስፕሬይ ነው ማለት ይቻላል። የወፍ ላባና አጥንት ከተቀላቀለበት የዓሣ ንስርን ጠርጥሩ፣ እሱ ዳክዬም ይይዛል። ፀጉር፣ የዶሮ አንጀት፣ ፌስታል ሁሉ ካለበት የጭላት ማደሪያ ነው። ጭላቶች ተሰብስበው ያድራሉ፣ ይንጫጫሉ። የእርስዎ እንግዳ ብቻውን ነው የሚመጣው።

ያው ወፍ ነው ወይ ላሉኝ፣ ሊሆን ይችላል። ኦስፕሬይ ካደገ በኋላ የእነሱ ክረምት፣ የእኛ በጋ በሆነው ወራት ወደለመደው ቦታ ከዓመት ዓመት ይመለሳል። ይህ በእግራቸው ቀለበት በታሰረላቸውና በጀርባቸው መከታተያ መሣሪያ በተደረገላቸው ወፎች የታወቀ ነው። ከ20 ዓመት በላይ የኖሩም አሉ። የልጅ ልጅዎ በባይኖኩላር ካየው ጀርባውን ይመልከት። የላባው ጫፍ ሁሉ ነጣ ነጣ ብሎ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ከሆነ የዘንድሮ ጫጩት ነው፣ ገና መንገዱን እየለመደ ያለ። ዓይኑም ወደ ብርቱካናማ ያደላል። የአዋቂው ዓይን ቢጫ፣ ጀርባው አንድ ወጥ ቡናማ ነው። ጫጩቱን ወላጆቹ አይመሩትም። እናቲቱ ቀድማ ትሄዳለች፣ ጫጩቱም ብቻውን መንገዱን ይይዛል። የመጀመሪያውን ዓመት ደግሞ ወደ አውሮፓ አይመለስም፣ አፍሪካ ውስጥ ይቆያል።

አሁን ወደ ዛፉ። «ሌላ ዛፍ አያጣም» የሚለው ልብን ያታልላል፣ ዙሪያውን ባሕር ዛፍ ሞልቶ ስናይ። ለዚህ ወፍ ግን ዛፍ ሁሉ ማደሪያ አይሆነውም። ክንፉ ከጫፍ ጫፍ ሲዘረጋ አንድ ሜትር ተኩል ያልፋል። ዓሣ ተሸክሞ ቅጠል መሐል መግባት አይችልም። ከፍ ያለ፣ ራቁቱን የቀረ፣ ወፍራም ቅርንጫፍ ይፈልጋል። ከዚያ ላይ ዙሪያውን ያያል። ጠላት ሲመጣ ሳይጋጭ ይነሳል፤ ትልልቅ ጉጉቶች በሌሊት ያጠቁታልና። ውሃውም ቅርብ መሆን አለበት። ረጅም፣ ከላይ የደረቀ፣ ወንዝ ዳር ያለ። ሦስቱም የተገናኙበት ዛፍ ከሐርቡ እስከ ጨፋ ስንት ቀርቶናል? እኛ ደግሞ መጀመሪያ የምንቆርጠው ደረቁን ነው፣ ምክንያቱም ለማገዶ ይመቻል፣ «ሞቷል» እንላለን።

ሐይቅ ላይ ሁኔታው የተሻለው በእስጢፋኖስ ገዳም ምክንያት ነው። ሴት ስለማይገባበት እኔ የማየው ከማዶ ሆኜ ነው። የገዳሙ ዛፎች አይነኩም፣ ያረጀውም እንደቆመ ያረጃል። አመሻሹ ላይ ዓሣ ይዞ ከሐይቁ የሚነሳውን ወፍ ስከተለው ብዙ ጊዜ ወደዚያ ነው የሚያመራው።

አንድ ጊዜ ግን ከወዲህኛው ዳር፣ ደረቅ ግራር ላይ ቀርቦ ሲበላ አይቻለሁ። ቆሮሶው ገና ይንቀሳቀስ ነበር፣ ጅራቱ ቅርንጫፉን ይመታል። ወፉ አልተቻኮለም። በአንድ እግሩ አጥብቆ ረገጠው። ዙሪያውን አየ። ሁለት ጭላቶች ከላይ ይዞራሉ፣ ክንፉን ዘርግቶ ዓሣውን ሸፈነ። ሲሄዱለት ከአፉ ጀመረ። በትንሽ በትንሹ እየቦጨቀ፣ ከጭንቅላቱ ወደ ሆዱ ወረደ። ቅርፊቱ እየበነነ ሥር ሥሩ ይወርዳል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ያብለጨልጫል። ጅራቱ ብቻ እስኪቀር ሰዓት ገደማ ፈጀበት። ከዚያ ተነስቶ ውሃው ላይ ዝቅ ብሎ በረረ፣ እግሮቹን ውሃው ውስጥ እየጎተተ። እያጠባቸው ነበር። ተመልሶ እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ወጣ፣ ላባውን አስተካከለ። ሲመሽ አንድ እግሩን ሰብስቦ ምንቃሩን በጀርባው ላባ ውስጥ ወሸቀ። ማዕዱም አልጋውም ያ ቅርንጫፍ ነው። ለዚህ ነው ዛፉ ሲቆረጥ ሁለቱንም የሚያጣው።

ዛፍ ካጣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ይወጣል። ክንፉ ሰፊ ስለሆነ ሁለት ሽቦ ወይም ሽቦና ብረት ከነካ በዚያው ይቀራል። እርጥብ ላባ ደግሞ የባሰ ነው፣ እሱ ከውሃ ነው የሚወጣው።

ስለዚህ አባቴ፣ ልጆችዎን እንዲህ ይበሏቸው፦ ሾላው ግማሹ አረንጓዴ ነው፣ ፍሬ ይሰጣል፣ ሥሩ የወንዙን አፈር ይዟል። ከታች የወደቀውን ጭራሮ ይልቀሙ። ለሰው ወይም ለከብት አደጋ የሆነ ቅርንጫፍ ካለ እሱን ብቻ ይቁረጡ፣ ያውም ወፉ በሌለበት በሰኔና በሐምሌ። የላይኛው ደረቅ ይቅር። ለማገዶ የሚሆን ዛፍ ከማሳው ማዶ ቢተከል በጥቂት ዓመት ይደርሳል። ያን የመሰለ ሾላ ግን ለማብቀል የሰው ዕድሜ ያስፈልጋል።

ምሽት ላይ ልታዩት ስትወጡም ከ150 ሜትር ባልበለጠ ርቀት አትቅረቡት። ወፉ ሳይደርስ፣ 11 ሰዓት ላይ ቀድማችሁ ተቀመጡ። ከመሸ በኋላ ከተነሳ ሌላ ቦታ ሳያገኝ በጨለማ ይንከራተታል። የወይዘሮዎ ሐሳብ በደብዳቤው የለም፤ እሳቸውም ዛፉ እንዲቆም እንደሚፈልጉ ግን እገምታለሁ። ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ውጫሌ አካባቢ ነው ቤታችን። ማሽላ ስጠብቅ ማማ ላይ ሆኜ ብዙ አሞራ አያለሁ። አንድ ቀን ምሰሶ ሥር የሞተ ትልቅ ወፍ አገኘሁ። እግሩ ላይ ብረት አለ፣ ጽሑፍም አለበት። ሰዎች «ሰላይ ነው፣ አትንካው» አሉኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጎሽ የኔ ልጅ! ሰላይ አይደለም። ያ ብረት መታወቂያው ነው። ይህን ሥራ በ1899 በፈረንጆች የጀመረው ዴንማርካዊው ሞርተንሰን ነበር፣ እንደ እኔ መምህር ነው። በወፎች እግር ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት አሰረ። ከዚያ ወዲህ ወፍ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ የምናውቀው አንድ ሰው አገኘሁት ብሎ ስለሚናገር ነው። አሁን ያ ሰው አንተ ነህ።

እንዲህ አድርግ። ሬሳውን በባዶ እጅህ አትንካ፣ እጅህን በፌስታል ጠቅልል። ቀለበቱ ላይ ያለውን ፊደልና ቁጥር በሙሉ፣ ያልገባህንም ጭምር፣ እንዳለ ገልብጥ። አገሩ ወይም ተቋሙ ብዙ ጊዜ ተጽፎበታል። ከዚያ ያገኘህበትን ቀን፣ የቀበሌውንና የወንዙን ስም፣ ምሰሶ ሥር መሆኑን ጻፍ። ስልክ ያለው ሰው ቀለበቱን፣ ጭንቅላቱንና የተዘረጋ ክንፉን ፎቶ ያንሳልህ። መረጃውን በመምህርህ በኩል አዲስ አበባ ለሚገኘው ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ላኩት፣ ወይም ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን። ቀለበቱን ያሰረው ተቋም ወፉ የት እንደተፈለፈለና ስንት ዓመት እንደኖረ መልሶ ሊነግርህ ይችላል። በሕይወት ያለ ወፍ ላይ ካየህ ግን ቀለበቱን አታውልቅ፣ ቁጥሩን ብቻ ለማንበብ ሞክር።

ምሰሶውንም አትርሳ። ቁጥር ካለው ጻፈው። በዚያው ምሰሶ ሥር ሌላ የሞተ ካየህ ለእኔም ላክልኝ፣ ለሚመለከተው አካል አብረን እንጽፋለን። ማሽላው እስኪሰበሰብ ማማው ላይ ነህ አይደል? በማለዳ ወንዙን ተከትሎ የሚበር፣ ሆዱ ነጭ፣ ክንፉ የታጠፈ ካየህ ቀኑንና ሰዓቱን በደብተርህ ጀርባ መዝግብልኝ። ወንጭፉ ለወፍ መንጋው ይሁን።